መልዕክት ዚያራን ይተካልን?



በየጁምዓው ማለዳ ስልካችን በመልካም ምኞት መልዕክቶች ይሞላል። አንዱ የደረሰውን ለመቶ ሰው ያስተላልፋል፤ ተቀባዩም በቅጡ ሳያነበው ለሌላ መቶ ይልካል። በዚሁ ስልክ ውስጥ ጫት ለመተው የሚታገል ጎረቤታችን፣ ከአእምሮ ሕመም በማገገም ላይ ያለ ዘመዳችን ስም ተመዝግቦ ሳለ ግን አንድ ቃል ሳንጽፍለት ወራት ያልፋሉ። ለመሆኑ በስልክ የሚላክ አጭር ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይፈይዳል? እኛንስ በሽተኛን ከመጠየቅ ኃላፊነት ነፃ ያወጣናልን?

የማውቀው አንድ ወንድም ከብዙ ዓመት ቃሚነት በኋላ ጫት ለመተው ቆረጠ። ካቲኖን የተባለውን የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር የለመደ ሰውነት ሲያጣው ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ ይከፋዋል፤ ሌሊት ደግሞ ሕዝባችን «ዱካክ» የሚለው ቅዠት ይጫነዋል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ብቸኝነቱ ነበር፤ ጫትን የተወ የበርጫ ወዳጆቹንም ይተዋልና። በመጀመሪያው ሳምንት ከዙህር በኋላ ስልኩ በየቀኑ ይጮህ ነበር። ደዋዮቹ «ዛሬ ምነው ቀረህ?» የሚሉት የበርጫ ጓደኞቹ ናቸው። በሶፍ ትከሻ ለትከሻ አብረነው ከምንቆመው መካከል ግን አንድም የጻፈለት አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ወደ በርጫው ተመለሰ። ይህን ሲነግረኝ አፈርኩ፤ ከነዚያ ሰጋጆች አንዱ እኔ ነበርኩና።

አጭር ቃል ከንቱ አለመሆኑን የሚያሳይ የቆየ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በሳንፍራንሲስኮ ጄሮም ሞቶ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም አንድ ጥናት ጀመሩ። በድብርት ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትሉን ካልፈለጉ 843 ሰዎች ለግማሽ ያህሉ ለአምስት ዓመታት አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩ። ደብዳቤዎቹ ተግሣጽም ምርመራም የሌለባቸው፣ «አልረሳንህም» ከማለት የማያልፉ ነበሩ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው ይልቅ ካልደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት በዙ።

በስልክ መልዕክትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነና 5,800 አጫሾችን ባካተተ የብሪታንያ ጥናት፣ ኮምፒዩተር በሚልካቸው ማበረታቻ መልዕክቶች ከተረዱት 10.7 በመቶው ለስድስት ወር ሲጋራ መተዋቸው በምራቅ ምርመራ ተረጋገጠ። ስለ ማቆም የማያነሳ መልዕክት ከደረሳቸው ግን የተዉት 4.9 በመቶው ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልብ የሌለው መሣሪያ ይህን ያህል ከጠቀመ የእኛ ልብ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ከመልዕክቱ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። መሣሪያው መልስ ሲጠፋ አይደነግጥም፤ ተነስቶም በር አያንኳኳም። መልዕክት የጻፈ ሰው ግን በጻፈው ቃል ራሱን አስሯል። «አስቤሃለሁ» ካለ ማሰቡን በእግሩ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

እንግዲህ የምንጽፍ ከሆነ እንደ ወንድም እንጻፍ። ስብከት አናብዛ፤ የሚያገግም ሰው ጥፋቱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። መልስ አልሰጠም ብለን አንቀየም። ስልኩን ቤተሰብ ሊያየው ይችላልና የሕመሙን ስም አንጥራ፤ ምሥጢሩ አማና ነው። የሚፈተንበትን ሰዓት አውቀን በዚያው ሰዓት እንላክ። ወድቆ ቢገኝም አናቋርጥ፤ ከሁሉ ይልቅ ቃላችን የሚያስፈልገው ያን ዕለት ነውና።

«መልዕክት ርካሽ ነው፣ ዚያራ ግን ድካም ይጠይቃል» የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ሆኖም ኀፍረት በሩን ያዘጋበት ሰው መልዕክት ከመክፈት ላይቦዝን ይችላል። መልዕክት ለእግራችን መንገድ ይጠርጋል እንጂ እግራችንን አይተካም። ዝምታው ከበዛ ሄደን እንየው፤ ሕመሙ ከጠና ሐኪም ዘንድ አብረነው እንሂድ።

የበርጫ ጓደኞች ያልዘነጉትን ወንድም የመስጊድ ጓደኞቹ ከዘነጋነው ምን መልስ ይኖረናል? አላህ ያግራልን።