ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ

ልጆቼ፥ ስለ አንድ ተማሪዬ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ዛሬም በሕይወት አሉና።

በ1998 ዓ.ም. ሰበታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ፥ ንግግሩ ጥቂት፥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንዴት እንደ ሞቱ፥ እኔም በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረክሁ። ደወል ከተደወለ በኋላ ልጁ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ንጉሡ ጭንቀታቸውን የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም?» አለኝ። እኔም ሰዓቴን አየት አድርጌ፥ «ይህ በፈተና አይመጣም» ብዬ ሳቅሁ። እርሱም ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በገዛ እጁ ከዚህ ዓለም ተለየ።

ለቅሶው እንደ ሌላው ለቅሶ አልነበረም። ድንኳን ተተክሏል፥ ዕድርተኛውም መጥቷል፤ ነገር ግን የሚነገረው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። ፍትሐት አልተደረገለትም። ቤተ ዘመዱም ለጠየቀው ሰው ሁሉ «ድንገተኛ ሕመም ነው» ይል ነበር። በአገራችን ልጅ የሞተባት እናት የልጇን ሙያና መልክ እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች፤ እኚህን እናት ግን አንዲት ዘመዳቸው «ዝም በይ፥ ሰው ይሰማል» ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ልጅ ላይ መፍረድ ይገባናልን? አንዱ ኃጢአት ነው ይላል፤ ሌላው ፈሪነት፥ ሌላው የዘር እርግማን ነው ይላል። እኔ የሚሲዮን ልጅ ስለ ሆንሁ በቀኖና ነገር አፌን ባልከፍት ይሻል ነበር፤ ሆኖም በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ይህ ነገር ቀርቦለት እንደ ነበር አንብቤአለሁ። ሟቹ በእውነት አእምሮው ታውኮ እንደ ሆነ ጸሎቱ እንዳይከለከልበት፥ ካህኑም ነገሩን አጥብቆ እንዲመረምር ወሰነ። ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረ ሰው አስቀድሞ መጠየቅን አዘዘ። እኛ ሳንጠይቅ ፈረድን፤ እኔማ ተጠይቄ እንኳ አልመለስሁም።

ከዚያ በኋላ የንጉሡን ታሪክ እንደ ገና አነበብሁ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱባቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል በውጊያ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የንጉሡ ጠባይ እንደ ተለወጠ የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ያን የዓመታት ኀዘን ዘልዬ የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻ አስተማርሁ፤ ልጁ የጠየቀኝ ግን ስለ ዓመታቱ ነበር። ንጉሡ የሚከበሩት አገር አንድ ለማድረግ በደከሙበት ሥራ ነው እንጂ በአሟሟታቸው አይደለም ብዬ ማስተማር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ትካዜ ሲጸና እንደ ወባና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕመም ነው፤ ሐኪምም አለው። ልጁ በዚያ ወራት እንቅልፍ አጥቶ በክፍል ያንቀላፋ ነበር፤ እኔ ስንፍና አልሁት። ኳስ መጫወት ተወ፤ ቁም ነገረኛ ሆነ አልሁ። ደብተሮቹንና የሚወደውን ሹራብ ለጓደኛው ሰጠ፤ ቸርነቱን በሰው ፊት አመሰገንሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ ይሞታሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ብዙ ሰው «ብጠይቀው ያላሰበውን ማሳሰብ ይሆንብኛል» ብሎ ይፈራል። ነገሩን የመረመሩ ሐኪሞች ግን «ሕይወትህን ለማጥፋት ታስባለህን?» ብሎ በፍቅርና በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ፥ እንዲያውም የተጨነቀውን እንደሚያሳርፈው ይናገራሉ። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጫውታችሁ «ለማንም አትናገር» ቢላችሁ እንኳ ምስጢር አድርጋችሁ አትያዙት፤ ብቻውንም አትተዉት፤ የምታምኑትን ትልቅ ሰው ጥሩ።

እናንተም ራሳችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢመጣባችሁ ዛሬውኑ ተናገሩ። የመጀመሪያው ሰው እንደ እኔ ሰዓቱን ቢያይ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የሱሉልታ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ፥ የቡራዩና የሰበታ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይደርስበታል። በገፈርሳ፥ በቡራዩ አጠገብ፥ ለረጅም ጊዜ ለታመሙ ማገገሚያ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች በአገር ውስጥ እየሠለጠኑ ነው። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አይተው። «አማኑኤል የሚሄድ እብድ ነው» የሚለው ንግግር ስንቱን ከደጁ እንደ መለሰ እግዚአብሔር ይወቀው።

ባለፈው ዓመት እናቱን ልጠይቅ ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ። ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄና የመለስሁለትን ነገር፥ እየፈራሁም ቢሆን፥ ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «እኔንም አንድ ማታ ‹እማዬ፥ ላጫውትሽ› ብሎኝ ነበር፤ ወጥ እየሠራሁ ነበር» አሉኝ። ሙሾውን ያን ቀን አወረዱት፤ በሩ ክፍት ነበር፥ ጎረቤትም ሰማ፤ ማንም ዝም በይ አላላቸውም።