«እግዜር ይስጥዎ» እና የዳኛ ደጅ

በጎጃም ደጋ፣ በአማኑኤልም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ አድባራት ደጅ፣ አካሉ የተጎዳ ምስኪን በእመቤታችን ስም ሲለምን፣ ለመስጠት ያልቻለ ወይም ያልፈቀደ መንገደኛ «እግዜር ይስጥዎ» ብሎት ያልፋል። አነጋገሩ ምርቃት ይምሰል እንጂ ክልከላ ነው፤ ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ በመሆኑም የተከለከለው ሰው ምክንያት አይጠይቅም፣ አቤት የሚልበት ዳኛም የለውም። የመንግሥት የጉዳት አበል ከዚህ የሚለየው በገንዘቡ መጠን ሳይሆን ከልካዩ ለምን እንደ ከለከለ የመናገር ግዴታ ስላለበት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(5) መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚያደርገውን ድጋፍ በአቅሙ መጠን ስለሚወስነው፣ እስከዚህ ድረስ ቋንቋው የመጽዋቹን ቋንቋ ይመስላል። ሠራተኛው ከደመወዙ መዋጮ የሚከፍልበት የጡረታ ሕግ ግን ወደ መብት ይሻገራል። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው የ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ለማይችል ሠራተኛ የደመወዙን 47 በመቶ የጉዳት ጡረታ ሲያደርግለት፣ ከሥራ ውጭ በሆነ ምክንያት ጤናውን ላጣ ሠራተኛ ደግሞ የዘለቄታ አበል የሚሰጠው 10 ዓመት ካገለገለ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃው ገንዘብ «ዳረጎት» መባሉም ልብ ይሏል፤ ቃሉ በገዳም ለመነኮሳት የሚታደለውን ድርሻ ያስታውሳልና።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9፣ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ያስቀደሙት ጥያቄ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ የሚል ሲሆን፣ ጌታ ግን እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ ዓይኑን አበራለት። የጡረታ ሕጉ ስለ ኃጢአት ባይጠይቅም የጉዳቱ መነሻ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ መልሶ አምጥቶታል፤ በትምህርት ቤት ደረጃ ላይ የወደቀ መምህርና ቅዳሜ በማሳው በሬ የወጋው መምህር አንድ ዓይነት ስብራት ይዘው በሁለት ሚዛን ይመዘናሉ። የመዋጮው ገንዘብ የተወሰነ ነውና ድንበሩ ያስፈልግ ይሆናል፤ ከድንበሩ ውጭ የቀረው ሰው ግን ድንበሩን ማን፣ በምን ማስረጃ እንዳሰመረው ማወቅ ይገባዋል።

የሰበር ሥልጣን እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሰበር ማለት የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዳለበት የሚመረመርበት ሥርዓት ነው። አበሉን በሚወስነው የጡረታ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው በመጀመሪያ አቤት የሚለው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሲሆን፣ ሰበር ሰሚው ችሎት ፍሬ ነገሩን እንደገና አይመዝንም። ከአማኑኤል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ፋይሉን በፌስታል ይዞ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ክንዱን ገልጦ ቢያሳይ፣ ዳኛው የሚያየው ክንዱን ሳይሆን የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጸውን የሕክምና ቦርድ ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 714 ከ10 በመቶ ያነሰ የሥራ ላይ ጉዳት የገንዘብ መብት የማያስገኝ ስለ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ 9 ተጽፎ ከሆነ ዳኛው 9ኙን 10 ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ነገር ግን 9ኙ የተገኘው የተጎጂው ማስረጃ ሳይታይ ከሆነ፣ ይህ የሐኪም ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ከማኅተሙ በላይ «ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ያው «እግዜር ይስጥዎ» ነው፤ ያውም ምርቃቱ ተቀንሶለት።