አፈር የያዘው አደራ

ባለቤቱ ሳይታወቅ ከመሬት ውስጥ የተገኘ ነገር የማን ነው? ያገኘው ሰው ነውን? የመሬቱ ጌታ ነውን? ወይስ በሕይወት ይኑር አይኑር የማይታወቀው፣ ዕቃው የጠፋበት ሰው ነው? ይህን ጥያቄ ለሕግ ዐዋቂዎች የሚተው አድርገን ስናስብ ኖረናል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መከር በገባ ሰሞን፣ በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ አውራጃ በአንድ እርሻ ላይ ያየነው ነገር ግን ጥያቄው የእያንዳንዳችን መሆኑን አስተማረን።

እርሻው ዛሬ ስንዴ ይብቀልበት እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945 የአሜሪካ ስምንተኛው የአየር ኃይል በዚህ የእንግሊዝ ክፍል በብዙ ማረፊያዎች ሰፍሮ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን ወደ ጀርመን ያሰማራ ነበር። ከዚህ ኃይል ከ26,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በካምብሪጅ አጠገብ ባለው የአሜሪካውያን መካነ መቃብር፣ በዚያ ጦርነት ከሞቱት መካከል ከ3,800 የሚበልጡት ዐርፈውበታል፤ አስከሬናቸው ያልተገኘ ከ5,100 የሚበልጡ ሰዎች ስም ደግሞ በረጅም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ጦርነቱ ሲያበቃ አብዛኛው መሬት ለእርሻ ተመለሰ፤ የመንደርደሪያው ኮንክሪት በየቦታው ተሰባብሮ ለመንገድ ሥራ ዋለ፤ በቀረውም ላይ ማረሻ ገባበት።

ወደዚያ የወሰዱን በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበሬው ፈቃድ ተቀብለው፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸውን ይዘው ይወጣሉ። መሣሪያው በረጅም እጀታ ጫፍ ላይ ክብ የሽቦ ጥቅልል ያለው ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ አፈሩ ይልካል፤ ከሥር ብረት፣ መዳብ ወይም ብር ካለ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይቀሰቀስና የራሱን ምላሽ ይመልሳል፤ ምላሹም በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ለስደተኛ የሚነገር ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1881 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ በነፍሰ ገዳይ በተመቱት በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት ለመፈለግ ይህን የመሰለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ሆኖም አልተሳካለትም። በኋላ አገሩ በጠላት ተይዞበት በስኮትላንድ የሰፈረው ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ ለጦር ሜዳ የሚስማማ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ 500 የሚያህሉ መሣሪያዎቹ ፈንጂ በተቀበረበት በረሃ ለሠራዊቱ መንገድ ከፈቱ። ኮሳትስኪ የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ለእንግሊዝ ጦር በስጦታ ሰጠው። እንግዲህ የሰውን ሕይወት ለማትረፍ የተሠራው ዛሬ የጡረተኞች ማሳለፊያ ቢሆን ነውር የለበትም፤ ነገሩ የሚከብደው መሣሪያው ድምፅ ካሰማ በኋላ ነው።

በዚያ ጠዋት የወጡት ተራ ነገሮች ነበሩ፤ የዛጉ ምስማሮች፣ ሁለት ቀለሆች፣ አንድ የቀበቶ ዘለበት፣ ንስር የተቀረጸበት የደንብ ልብስ ቁልፍ። ወደ እኩለ ቀን ግን አንዲት ጫፎችዋ የተጠጋጉ ስስ ሰሌዳ ወጣች። ጎረቤታችን በጣታቸው ሲጠርጓት ጽሕፈት ታየ። የአሜሪካ ወታደሮች በአንገታቸው ያንጠለጥሉት የነበረው መታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ወታደር ሁለት ሰሌዳ ነበረው፤ ቢሞት አንዱ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል፣ ሌላው ለመዝገብ ይወሰዳል። ስሙና ቁጥሩ፣ የደሙም ዓይነት ይጻፍበታል። እስከ 1943 አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ የወታደሩ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይጨመር ነበር፤ ይኸውም አደጋ ቢደርስ መርዶ የሚነገረው ሰው ማለት ነው። እኛ ያየናት ሰሌዳ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ ከወታደሩ ስም በታች የአንዲት ሴት ስም፣ የመንገድና የከተማ ስም ነበረባት።

ጎረቤታችን ደስ ብሏቸው፣ «ይህችስ በመስታወት ሣጥኔ ውስጥ ትቀመጣለች» አሉ። በሕግ የሚከሳቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ ሳለ የወደቀ አውሮፕላንን ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣትን ይከለክላል፤ ይህ ግን ማረፊያ እንጂ አውሮፕላን የወደቀበት ስፍራ አይደለም። በ1996 የወጣው፣ ስለ ከበሩ ግኝቶች የሚደነግገው ሕግም በተለይ በመቶ ዓመታት ለሚቆጠሩ የወርቅና የብር ዕቃዎች የታሰበ ነው። አንዲት የወታደር ሰሌዳ ከሁለቱም ሕጎች ውጭ ትቀራለች። ሕግ ዝም ባለበት ስፍራ ግን ኅሊና ሊናገር ይገባዋል።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማርነው የኦሪት ሕግ በዚያች ሰዓት ትዝ አለን። በዘዳግም ሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ የወንድሙን የጠፋ በሬ ወይም ልብስ ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ እንዳያልፍ፣ ባለቤቱ ሩቅ ወይም የማይታወቅ ቢሆን ደግሞ ወደ ቤቱ ወስዶ እስኪፈለግ ድረስ እንዲያቆይለት ታዟል። እንግዲህ ማንሣትም ሆነ ቤት ማስገባት አልተከለከለም። የተከለከለው የእኔ ነው ማለት ነው። ያገኘ ሰው ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይሆንም፤ በአገራችንም «አደራ በላ» ከመባል የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው።

ጎረቤታችን ግን ቀላል ያልሆነ መልስ ሰጡን። «እኔ ባላወጣት ኖሮ ማረሻ ይሰብራት፣ አፈርም ይበላት ነበር። ደግሞስ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማን ይፈልጋታል?» አሉ። የመጀመሪያው ነገራቸው እውነት ነው፤ በመሬት ውስጥ መተው ሁልጊዜ ማክበር አይደለም። ሁለተኛው ግን እኛን የሚነካ ነበር። ፊታችን መለወጡን አይተው፣ «ይህን ያህል ለምን አሳሰበዎት?» ብለው ጠየቁን። ለማንም ነግረን የማናውቀውን በዚያ ማሳ ዳር ነገርናቸው።

ታላቅ ወንድማችን በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ አንድ ሌሊት ከቤት ተወሰደ፤ አልተመለሰም። በአንገቱ ከአያታችን የተወረሰች፣ አንድ ክንዷ የተሰበረ ትንሽ የብር መስቀል ነበረች። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም ምርመራ ሊቃውንት በጅምላ የተቀበሩ ሰዎችን አስከሬን በማውጣቱ ሥራ ረድተው ነበር። እናታችን ይህን ከሰማች ጀምሮ ስለ ልጅዋ ቁመት፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለዚያች የተሰበረች መስቀል ለሚሰማት ሁሉ ስትናገር ኖራ መልስ ሳታገኝ ዐረፈች። መስቀሊቱ ምናልባት ዛሬም በአፈር ውስጥ ትሆናለች፤ ምናልባትም አንድ ሰው አግኝቶ ሸጧታል። ለእርሱ ጥቂት ብር ናት፤ ለእኛ ግን የወንድማችን መቃብር በሆነች ነበር።

ጎረቤታችን ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ሰሌዳዋን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው አስገቡ። በዚያው ሳምንት በሰሌዳዋ ላይ ወደ ተጻፈችው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ ላኩ። ከሰባት ወር በኋላ አንዲት አሜሪካዊት ሴት መልስ ሰጠች። የወታደሩ ልጅ ናት። አባቷ በጦርነቱ አልሞተም፤ በሰላም ተመልሶ፣ አግብቶና ወልዶ፣ በሽምግልና ነው ያረፈው። ሰሌዳዋ ገላውን ሲታጠብ ጠፍታበት አለቃው እንደ ቀጣው በየበዓሉ ማዕድ እያሣቀ ይተርክላቸው ነበር። በሰሌዳዋ ላይ የተጻፈችው ሴት የወታደሩ እናት ናት፤ ልጅቱ አያቷን ሳታያት ነው የሞተችው። «እባክዎ ላኩልኝ» ብላ ጻፈች፤ ጎረቤታችንም ላኩላት።

ደብዳቤውን አብረን ስናነብ ጎረቤታችን ብቻ ሳይሆኑ እኛም ተሳስተን እንደ ነበር ተረዳን። እሳቸው ሰሌዳዋን የሣጥን ጌጥ ሊያደርጓት ፈለጉ፤ እኛ ደግሞ በራሳችን ኀዘን ሸፍነን የሞት ምልክት አደረግናት። ለልጅቱ ግን የአባቷ ሣቅ ነበረች። ያገኘ ሰው ዕቃውን በእጁ ቢይዝም ምን እንደ ያዘ አያውቅም፤ የሚያውቀው የጠፋበት ሰው ነው። ባለቤቱን መፈለግ የሚገባንም ዕቃው የእርሱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የዕቃው ትርጉም ያለው በእርሱ ዘንድ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አሮጌ የጦር ሜዳና ማረፊያ የሚፈትሽ ሰው አይኮነን፤ ነገር ግን የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅድ፤ ያገኘበትን ስፍራና ቀን ይጻፍ፤ ቦምብ የሚመስል ነገር ወይም የሰው ዐፅም ካየ እጁን ሰብስቦ ለፖሊስ ይንገር። ስም ያለበትን ነገር አይሽጥ፤ ባለቤቱን ወይም ዘመዱን ይፈልግ። ስም የሌለበትንም ከነታሪኩ ያቆየው እንጂ ታሪኩን አራግፎ ብረቱን ብቻ አያስቀር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከአገር ስንወጣ ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም ቀለበት «ለእገሌ አድርስልኝ» ተብለን ተቀብለናል። ተቀባዩ ታጣ፤ ሰጪውም ሞተ ወይም ተሰደደ፤ ዓመታት አለፉ፤ ዕቃው በሻንጣችን ግርጌ ቀረ። ልጆቻችን ሲያገኙት የእኛ ይመስላቸዋል። እንግዲህ እኛ ሳናልፍ፣ ትዝታችንም ሳይደክም፣ ሻንጣችንን እንክፈት፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከማን እንደ ተቀበልነውና ለማን እንደ ሆነ እንጻፍበት፤ ከዚያም ባለቤቱን እንጠይቅ፣ እናጠያይቅ። እናታችን ስትጠብቀው የኖረችው ዓይነት መልስ ለሌላ እናት ከእኛ ሻንጣ ሊወጣ ይችላልና።