ሰጪና ስጦታ

ሰው ከሚመሰገንባቸው ሥራዎች አንዱ ልግስና መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ልግስና በምን ይመዘናል? በተሰጠው ገንዘብ ብዛት ነውን? ወይስ ሰጪው ከገንዘቡ ጋር አብሮ በሰጠው በራሱ ድካም?

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መግዣ መዋጮ በተሰበሰበ ጊዜ፣ የሰጪዎቹን ስም የመዘገብነው እኛ ነበርን። ብዙ የሰጠውን ከላይ፣ ጥቂት የሰጠውን ከታች አድርገን ጻፍን፤ ዝርዝሩም በጉባኤ ላይ ተነቦ ተጨበጨበ። ከዓመት በኋላ በዚያ በኩል ስናልፍ ጎራ ብንል፣ መጻሕፍቱን ሁሉ በሣጥን እንደ ታሸጉ አገኘናቸው። መደርደሪያ አልነበረም፤ መደርደሪያ መኖሩን የጠየቀም አልነበረም። በዝርዝሩ ራስ ላይ የነበሩት ሰዎችም ሆኑ መዝጋቢዎቹ እኛ፣ ስለ ስማችን እንጂ ስለ ተማሪዎቹ እንዳላሰብን ያን ጊዜ ተገለጠልን።

ከዚያ ወዲህ የታላላቅ ሰጪዎችን ታሪክ ስንመለከት ይህ ነገር ከልባችን አይጠፋም። ከነዚህም መካከል አንዱ ጄምስ ዎልፈንሶን ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። እርሱ በ1933 በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ገንዘብ ከሚቸግረው ቤተ ሰብ ተወለደ። ሕግ ተማረ፤ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ በሻምላ ግጥሚያ ለአገሩ ተሰለፈ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በሃርቫርድ የንግድ ሥራ አመራር አጠና። ከዚያም በለንደንና በኒውዮርክ፣ ለታላላቅ ድርጅቶች ካፒታል በሚያፈላልጉና ስለ አክስዮን በሚያማክሩ ባንኮች ውስጥ ከፍ ካለ ማዕርግ ደረሰ። የክራይስለር አውቶሞቢል ፋብሪካ ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ ለማዳን ከደከሙት የገንዘብ ባለሙያዎች አንዱ ነበረ፤ በ1981ም የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

እንዲህ ያለ ሰው ሙዚቃን ልርዳ ቢል ቼክ ፈርሞ ከፊተኛው ወንበር መቀመጥ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ ተማሪ ሆነ። ዣክሊን ዱ ፕሬ የተባለችው እንግሊዛዊት የቼሎ ሊቅ በጽኑ ሕመም ምክንያት በ1973 በሕዝብ ፊት መጫወት አቁማ ነበር። ቼሎ ከቫዮሊን የሚገዝፍ፣ ተቀምጠው በጉልበት መካከል ይዘው የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዱ ፕሬ ልታስተምረው ስትስማማ፣ አምሳ ዓመት በሚሞላው ቀን በሰው ፊት እንዲጫወት ግዴታ አገባችው። እርሱም ቃሉን አክብሮ በ1983 በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ተጫወተ። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛና ሚሊዮን ብር የሚያዝ ሰው፣ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ከመምህሩ ፊት ማፈርን መቀበሉ ከማንኛውም ቼክ የሚከብድ ስጦታ ይመስለናል።

ያ አዳራሽ ራሱ ትምህርት አለው። በ1891 የተከፈተው ይህ ቤት ሊፈርስ ተወስኖ ሳለ፣ የቫዮሊኑ ሊቅ አይዛክ ስተርን ሕዝቡን ቀስቅሶ፣ ከተማው በ1960 ገዝቶ አዳነው። ዎልፈንሶን ከ1980 እስከ 1991 የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆኖ ለዕድሳቱ ገንዘብ አሰባሰበ፤ አዳራሹም በ1986 ለወራት ተዘግቶ ታድሶ ተከፈተ። ሁሉም አማረ። ነገር ግን ጆሮ ያላቸው ሰዎች የአዳራሹ ድምፅ እንደ ቀድሞው አይደለም እያሉ ያማርሩ ጀመር። ኃላፊዎቹ ቅሬታውን ለዓመታት ሳይቀበሉት ቆዩ። በ1995 የመድረኩ ወለል ሲነሣ ግን ከሥሩ ኮንክሪት ተገኘ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ወርቅ ቅቡን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ የድምፁን ጥራት የሚፈርደው ግን አዳማጩ ነው። ሰጪ ምስጋና ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ከወለሉ በታች ያለውን ኮንክሪት የሚነግረው አያገኝም። የተቀበለውም ሰው ባለጸጋውን እንዳያስቀይም ዝም ካለ ስጦታውን ራሱን ያበላሸዋል።

አንዳንዶች የባለጸጋ ስጦታ ሁሉ ስም መግዣ ነው ይላሉ። ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም፤ የሰው ልብ የተደባለቀ ነውና። ይሁን እንጂ የሰጪን ልብ መርምሮ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ልንጠይቅ የሚገባን፣ ሰጪው የሰጠበትን ነገር ለማወቅ ደክሟልን? ሲሳሳትስ የሚነግረውን ይሰማልን? የሚለውን ነው።

ይህ ጥያቄ አገራችንንም ይነካል። ዎልፈንሶን ከ1995 እስከ 2005 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ነበረ። በ1996 በባንኩ ጉባኤ ላይ ሙስናን ከነቀርሳ ጋር አመሳስሎ ተናገረ፤ በ1999ም በፍሎሬንስ ከተማ ባህልና ልማት የማይነጣጠሉ ስለ መሆናቸው ጉባኤ ተደረገ። በእርሱ ዘመን፣ በ2002፣ ባንኩ ለኢትዮጵያ የቅርስ መጠበቂያ ብድር ፈቀደ። ብድር ስጦታ አይደለም፤ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የምናመሰግነው ገንዘቡን ሳይሆን፣ ሐውልትና ቤተ መንግሥት ከመንገድና ከግድብ ጋር በአንድ የሒሳብ መዝገብ ሊጻፉ ይገባል የሚለውን ሐሳብ ነው። ነገር ግን እኛ ባለቤቶቹ አክሱምንና ጎንደርን ለማወቅ ካልደከምን፣ የትኛውም ብድር እንደ ታሸገው የመጻሕፍት ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ዎልፈንሶን በ2020 በ86 ዓመቱ አረፈ። እንደ እርሱ ሚሊዮን ለመስጠት የምንችል በመካከላችን ብዙ አይደለንም። ተማሪ ለመሆን ግን ደመወዛችን አይከለክለንም። ያን የመዋጮ ዝርዝር ዛሬ እንደ ገና ጻፉ ብንባል፣ በራሱ ላይ የምናሰፍረው ከሁሉ አብልጦ የሰጠውን አይደለም፤ ሣጥኖቹን ከፍቶ፣ መደርደሪያውን አስጠርቦ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚያነበውን ነው። በዚያ ስፍራ ስማችን ይገኝ እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።