ያልታመመ ሰው ገንዘብ

አክስቴ ሆሳዕና ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክና ቀን ቀን የምታግዛት አንዲት ልጅ አሏት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር የጤና መድን ማሳደሻው ሲደርስ ጠራችኝና ‹‹አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትውለው፤ እስቲ አስላልኝ። ያዋጣኛል ወይስ አያዋጣኝም?›› አለችኝ።

አሰላሁላት። ሦስት ዓመት ከፍላለች። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ የሄደው ሁለቴ ብቻ ነው። አንዴ ታክመው መጡ፤ አንዴ ደግሞ ‹‹መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ›› ተብለው ከኪሳቸው ገዙ። የከፈለችውን በአንድ በኩል፣ ያገኘችውን በሌላ በኩል ጽፌ ቀነስኩ። ‹‹አያዋጣሽም›› አልኳት። ተወችው።

በሰኔ ትንሹን ልጇን ሌሊት ሆዱን አመመው። ትርፍ አንጀት ነበር። መታወቂያው ስላልታደሰ ‹‹ያው የትም ብንሄድ መክፈላችን ነው›› ብለው የግል ሕክምና ቤት ወሰዱት። ልጁ ዳነ፣ ተመስገን። ሂሳቡን ለመክፈል ግን ኦቨርሎኩ ተሸጠ።

ማንም ምንም አላለኝም፤ አክስቴም አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ያንን ስሌት ደጋግሜ አየሁት። የመቀነስ ስህተት የለበትም። ስህተቱ ያለው ጥያቄው ላይ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጥያቄው የአክስቴ ብቻ አይደለም። ‹‹ዓመቱን ሙሉ ካልታመምኩ ገንዘቤ የት ይሄዳል?›› የሚለውን በሰፈር ያልሰማ የለም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ13 የሙከራ ወረዳዎች ነው። አንዷ የእኛው ጎረቤት፣ ከምባታ ውስጥ ያለችው ዳምቦያ ነበረች። ያኔ በደቡብ የሙከራ ወረዳዎች አንድ ቤተሰብ የሚያዋጣው በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ ባለ ጸጉር ቤቱ፣ ባለ ሱቁ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶለታል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲከፍሉ ታቅዶ፣ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ሲራዘም ሲራዘም ቆየ። አክስቴ ጋ ስንመጣ አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናት። የሚጋራት የለም።

ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ሁለት ሰውን የሚያናድዱ ደንቦች አሉት። አንደኛ፣ የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ እንጂ የታመመው ሰው ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ወቅት አለው፤ በብዙ ቦታ ገበሬው እህሉን ሰብስቦ እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው። (የአክስቴ ገንዘብ የሚገባው ለመስቀል ነው፤ በጥር ያ ገንዘብ ጨርቅ ሆኗል። የገበሬ ካላንደር ለነጋዴ ሁልጊዜ አይመችም።) ሁለቱም ደንቦች የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛው ቀርቶ በሽተኛው ብቻ እንዳይመጣ። ሰው ሲያመው ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ሁሉ በይ ይሆናል፣ አምጪ አይኖርም።

እንግዲህ ‹‹አያዋጣሽም›› ያልኩት ይሄንን ነው። ለአንድ ጤነኛ ቤተሰብ ትክክል የሚመስል ምክር ነው። ያንኑ ምክር ለሆሳዕና ጤነኛ ቤተሰብ ሁሉ ብሰጥ ግን የሚቀር መድን የለም። ለሁሉም ሊሰጥ የማይችል ምክር ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ ሌላው እንዳይሰማው ተብሎ በጆሮ የሚነገር ዓይነት ነገር ነው።

እድር ላይ እንዲህ አናሰላም። ‹‹ዘንድሮ ከቤታችን ሰው አልሞተም፣ መዋጮዬ ይመለስልኝ›› የሚል ሰው አላየሁም። ቢኖር እንኳ እብድ ነው እንላለን፤ አለመሞታችን ትርፋችን ነው። ታዲያ ለምን በጤና መድን እንከራከራለን? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ የእድር ገንዘብ የሚሄድበት ይታያል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ለቀስተኛው ይቀመጣል። የመድኑ ገንዘብ ግን ስሙን የማላውቀው ሰው ጋ ነው የሚደርሰው። አንዲት እናት ትሁን፣ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ይሁን አላውቅም። ለማላየው ሰው ማዋጣት ለሚታየው ጎረቤት ከማዋጣት ይከብዳል።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። አክስቴ መድኑን ስትተው ያለ መድን የቀረች መስሎኝ ነበር። አልቀረችም። መድኗ ኦቨርሎኩ ሆነ። ደመወዝተኛ ሲታመምበት ቁጠባው ይጎዳል፤ የትንሽ ነጋዴ ግን የቤቱ ኪስና የሱቁ መሳቢያ አንድ ስለሆነ የሚሸጠው እንጀራ የሚበላበትን ዕቃ ነው። ኦቨርሎኩ ሲሄድ ሥራው ቀነሰ፣ ሥራው ሲቀንስ የምታግዛት ልጅ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያልበቃውን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሟ ላከ። እሱም ባለ ሱቅ ነው፤ ቢታመም ማን እንደሚደርስለት ጠይቄው አላውቅም። በእኛ አካባቢ ስንት ቤተሰብ እንዲህ ደቡብ አፍሪካ ባለ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተኝቷል።

ስለዚህ ‹‹መግባትም መተውም የራሴ ጉዳይ ነው›› የሚለው አባባል እኔን አላሳመነኝም። መድን የተወ ሰው ከመረዳዳት አልወጣም፤ ሸክሙን የሚሸከሙለትን ሰዎች ሳይጠይቃቸው መርጧል እንጂ። ረዳቷን ልጅ ‹‹የእኔ ልጅ ቢታመም ሥራሽን ትለቂያለሽ?›› ብሎ የጠየቃት የለም። መዋጮ ቢያንስ ሁሉም ቀድሞ የተስማማበት፣ ለሁሉም የተከፋፈለ ሸክም ነው።

ይህን ስል የአክስቴን ቅሬታ መርገጥ አልፈልግም። ‹‹መድኃኒቱ አልቋል›› የተባለችው እውነት ነው። መዋጮ ቃል ኪዳን ከሆነ ሁለት ወገን አለው፤ እኔ ሳልታመም እከፍላለሁ፣ እናንተም ስታመም ታክሙኛላችሁ። በአንዳንድ ቦታ ሰው ለሌላ ጉዳይ ቀበሌ ሲሄድ ‹‹መጀመሪያ የመድን ደረሰኝ አምጣ›› እንደሚባል እንሰማለን። ግዴታው ልክ ነው ብዬ ብቀበል እንኳ፣ ደረሰኝ የሚጠይቀው መስኮት ከመድኃኒት መስኮቱ ቀድሞ መጠንከሩ ግን ልክ አይደለም። የመጠኑ ነገርም አለ። ለረጅም ጊዜ በብዙ ቦታ መዋጮው የሚለየው በቤተሰብ ብዛት እንጂ በገቢ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋና ባለ ፎቁ አንድ ዓይነት ሊከፍሉ ይችሉ ነበር። መንግሥት መክፈል ለማይችሉት ድሆች ይከፍላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሃም ሀብታምም ያልሆነው ትንሽ ነጋዴ ግን መሃል ላይ ይቀራል። ሩዋንዳ ከእኛ ቀድማ ይህን ዓይነት መድን ጀምራ፣ በኋላ መዋጮውን በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ለይታዋለች። የማይቻል ነገር አይደለም።

ታዲያ ማን ይቅደም? ሰው ካልከፈለ መድኃኒት መግዣ የለም፤ መድኃኒት ከሌለ ሰው አይከፍልም። በፍትሕ ካየነው መቅደም ያለበት አቅም ያለው ወገን ነው፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ ይገኝ። ችግሩ የሰው ሆድ ይህ እስኪሆን ቀጠሮ አይሰጥም። እየከፈሉ መጮህ፣ ትቶ ከመጮህ ይሻላል እላለሁ። የከፈለ ሰው ጩኸት የባለ ዕዳ ሳይሆን የባለ መብት ነው።

ዘንድሮ በጥር አክስቴ ምንም ሳትጠይቀኝ አሳደሰች። ኦቨርሎክ ግን እስካሁን አልገዛችም፤ ልብሱን አጠገቧ ላለ ሰፊ በፍሬ እየከፈለች ነው የምታስጠርዘው። እኔም የምሠራው በኮንትራት ነው፣ አሠሪ የለኝም፤ ለራሴም አስልቼ ‹‹አያዋጣም›› ብዬ የተውኩት ነበር። ሄጄ ተመዘገብኩ። የሚመዘግበኝ ልጅ ‹‹አሞህ ነው?›› አለኝ። ‹‹አይ፣ ደህና ነኝ›› አልኩት።