የባሕሩን ቀለም የመረጠችው ማን ናት?

በታላላቅ የምዕራብ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ዓይነት የዓለም ካርታ አለ። በወረቀት የታተመ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በመርፌና በክር የተጠለፈ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ አገር በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ተሞልቷል። የሠሪው ስም ተብሎ የሚነበበው የአንድ ሰው ነው፤ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የአሊጊዬሮ ቦዬቲ። ጨርቁን የጠለፉት ግን የአፍጋኒስታን ሙስሊም ሴቶች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዬቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ካቡል ገባ። ከተማዋን ስለወደዳት ከአንድ አፍጋናዊ ጋር ሆኖ «ዋን ሆቴል» የተባለ ትንሽ ማረፊያ ከፈተ፤ ካርታዎቹንም በዚያው ዓመት ማሠራት ጀመረ። ንድፉ ኢጣሊያ ውስጥ በጨርቅ ላይ ይሣላል፤ ወደ ካቡል ይላካል፤ በአማካይ ሰዎች በኩል ጥልፍ ሠሪዎቹ ሴቶች ዘንድ ይደርሳል። ትልልቁን ጨርቅ ለመጨረስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ቦዬቲ ባዕድ ወንድ በመሆኑ ሴቶቹ ወደሚሠሩበት ክፍል አይገባም። የሶቪየት ጦር በ1979 ማብቂያ ላይ አፍጋኒስታንን ሲወር ሥራው ተስተጓጎለ፤ በኋላም በፓኪስታን፣ ፔሻዋር ከተማ፣ በስደተኞች እጅ ቀጠለ። ሠዓሊው በ1994 እስኪሞት ድረስ 150 ያህል ካርታዎች ተሠርተዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከካርታዎቹ አንዱ ተጠልፎ ሲመለስ ውቅያኖሱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነበር ይባላል። ባሕር የሌላት አገር ልጆች የሆኑት ሴቶች ያንን ሰፊ ባዶ ቦታ ባሕር ነው ብለው አላሰቡትም፤ በእጃቸው የተትረፈረፈው ደግሞ ሮዝ ክር ነበር። ቦዬቲ አልተቆጣም። እንዲያውም ተደስቶ ከዚያ ወዲያ የባሕሩን ቀለም ምርጫ ለእነርሱ ተወው። ዛሬ ተመልካች ከሚያደንቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ያልተጠበቀ ባሕር ነው። አንዱ ካርታም በሐራጅ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር እስከ መሸጥ ደርሷል።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሴቶቹ የሠሩት በክፍያ ነው። ደመወዛቸውን ከተቀበሉ ምን ቀረባቸው?

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቤት ያሠራ ሰው የግንበኛውን ስም በሩ ላይ አይጽፍም። ሐሳቡን ያፈለቀው፣ ገንዘቡን ያወጣው፣ ቢከስርም የሚከስረው ሠዓሊው ነው የሚሉ አሉ። ቦዬቲም ቢሆን ነገሩን አልደበቀም። ዓለምን እርሱ እንዳልሣላት፣ ሰንደቅ ዓላማዎቹንም እርሱ እንዳልነደፋቸው፣ በካርታው ላይ ምንም እንዳልሠራ በይፋ ተናግሯል። በጨርቁ ዳርቻ የፋርስኛ ጽሑፍ እንዲጠለፍ አድርጓል፤ በአንዳንድ ሥራዎች ላይም በፔሻዋር በአፍጋን ሕዝብ መሠራታቸው ተጠልፏል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ግን ልብ እንበላት። አንደኛው ወገን ስም አለው፤ ሌላው ወገን «ሕዝብ» ነው።

ደመወዝ የጉልበትና የጊዜ ዋጋ ነው። የሠራተኛ ሒሳብ ሳይጓተት እንዲከፈል ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን የሐቅ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። «ይህን ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በደመወዝ አይገዛም። ግንበኛው በተነገረው ልክ ድንጋይ ይደረድራል። ይህች ሴት ግን መርጣለች። ምርጫዋ ውበት ተብሎ ሲደነቅ ምስጋናው ወደ ሌላ ሰው ከሄደ፣ ደመወዟ ተከፍሎም ሐቋ አልተከፈለም።

ከእኛው ወገን የሚነሳ ሌላ መልስም አለ። «የሴት ልጅ ስም በአደባባይ አይጠራም፤ ዝም ማለቱ አክብሮት ነው» የሚል። በእርግጥ በብዙ የአፍጋን ቤተሰቦች ዘንድ የሴትን ስም ለባዕድ መናገር ነውር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ እንጂ ዲን አይደለም። የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘገባ የሚጠቀሰው በስማቸው ነው። ከእርሳቸውም በኋላ ሐዲስ ያስተላለፉ በርካታ ሴቶች ስም በኢስናድ ተመዝግቦ ዘመናትን ተሻግሮ ደርሶናል። ዑለማዎች ስሙን የጠበቁት ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ ከማን እንደመጣ ካልታወቀ እውነቱን መመዘን ስለማይቻል ነው። የአፍጋን ሴቶች ራሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 «ስሜ የት አለ?» የሚል ዘመቻ ጀምረው ነበር። በ2020፣ ታሊባን ዳግም ሥልጣን ከመያዙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ የእናት ስም በመታወቂያ ላይ እንዲሰፍር የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ ጸደቀ።

ስሟ እንዳይጠራ የምትሻ ሴት ትኖራለች። ፍላጎቷ ይከበር። ቁም ነገሩ ተጠይቃለች ወይ የሚለው ነው። ሰው ራሱን ቢሰውር መብቱ ነው፤ ሌላው ሲሰውረው ግን በደል ነው።

ዛሬ በየአገሩ ሠዓሊዎችና የልብስ ንድፍ አውጪዎች ወደ ሸማኔውና ወደ ጥልፍ ሠሪዋ ቤት ይሄዳሉ። መልካም ነው፤ እንጀራ ይሆናል፤ ሙያውም እንዳይጠፋ ይረዳል። ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር ስም ይጠየቅ። ሠራተኛው ከራሱ የጨመረው ይመዝገብ። የዕቃው ዋጋ ነገ ሲያድግ የሠሪው ድርሻ ምን እንደሚሆን ዛሬ ይነገር። እኛስ ብንሆን ለዒድ የምንለብሰውን ጥልፍ ጀለቢያ የገዛንበትን ሱቅ እናውቃለን። የጠለፈውን እጅ ጠይቀን እናውቃለን?

አላህ የማንንም ልፋት ከንቱ እንደማያደርግ እናምናለን። በእርሱ ዘንድ የጠፋ ስም የለም። የጠፋው በእኛ ዘንድ ነው፤ የምንጠየቀውም እኛው ነን።

ወላሁ አዕለም።