«ኡፍ» እንዳንል ማን ያግዘን?

 

ስለ ወላጅ ሐቅ ኹጥባ ያልሰማ ሙስሊም አለ ለማለት ይቸግራል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 23 እርሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ ለወላጅ በጎ መዋልን አስከትሏል። ከሁለቱ አንዳቸው ወይም ሁለቱም እኛ ዘንድ ሆነው ለእርጅና ቢደርሱ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ብዙ ጊዜ የማይነሳውን ነው። ወላጅህ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ጥያቄ ሠላሳ ጊዜ ሲጠይቅህ፣ ሌሊቱን በር ሲደበድብ አድሮ ጠዋት «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» ሲልህ፣ ያቺ «ኡፍ» ከአፍህ እንዳትወጣ በምን ትይዛታለህ? «ሶብር አድርግ» ማለት ለመካሪው ቀላል ነው። ሦስት ሌሊት ላልተኛ ሰው ግን ከምክር በፊት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

በአንድ መስጊድ የምንሰግድ አራት ጓደኛሞች ነን። የሦስታችን ወላጅ በመርሳት በሽታ ተይዟል። አባቴ ዕድሜያቸውን በመርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ መግሪብ ሲቃረብ ከተቀመጡበት ይነሱና ከብዙ ዓመታት በፊት የተሸጠውን ሱቅ ለመዝጋት ቁልፍ ይፈልጋሉ። የአንደኛው ጓደኛዬ እናት ዐስርን ሰግደው ያሰላምቱና መስገዳቸውን ረስተው እንደገና ለውዱእ ውሃ ይጠይቃሉ። የሌላው እናት ወርቃቸውን ራሳቸው ከዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቀው፣ ሰረቀችኝ እያሉ ምራታቸውን ለጎረቤት ይከሳሉ። ይህን ሁሉ እርስ በርሳችን የተነጋገርነው አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላውም ቀጠለ፤ እየሳቅንም እያለቀስንም መግሪብ አዛን ደረሰብን።

ሐኪሞች ሕመሙን ዲሜንሺያ ይሉታል። ከዓይነቶቹ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ካስረዳው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል። ስለዚህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቅርቡ ትዝታ ነው፤ የጥንቱ ዘግይቶ ይሄዳል። ምሳ መብላታቸውን የረሱ አዛውንት በልጅነታቸው የሐፈዙትን ፋቲሓ አንዲት ፊደል ሳያዛንፉ የሚቀሩት ለዚህ ነው። «ቁርኣኑን ያስታውሳል፣ እኛን ግን አውቆ ይረሳናል» የሚል ቤተሰብ አጋጥሞኛል። አውቆ አይደለም።

«ጂን ነው፣ ሲሕር ነው» የሚልም አይጠፋም። በቁርኣን ሩቅያ ማድረግ መልካም ነው። ጠንቋይ ደጃፍ መሄድ ግን ታማሚውንም አይፈውስ፣ አስታማሚውንም በአኼራ ያስጠይቃል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ኡሳማ ኢብን ሸሪክን (ረ.ዐ) ጠቅሰው እንደዘገቡት፣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ መድኃኒት ያልተደረገለት አንድ በሽታ እርጅና መሆኑንም ተናግረዋል። ይሁንና መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ኢንፌክሽን፣ ከመውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም፣ እነዚህ ሁሉ የጃጀ ያስመስላሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ስለዚህ «አርጅቷል» ብሎ ከመቀመጥ በፊት ሐኪም ይይ።

ሰዎችን በጣም የሚያቆስለው ሌላ ነገር ነው። ቁርኣን የቀራ ሰው አይጃጅም የሚል አባባል በሰፊው ይነገራል። ታዲያ የቀራውና ሲሰግድ የኖረው ሰው ሲጃጅ ጎረቤቱ «ምን ሠርቶ ይሆን?» ይላል። ይህን የሚል ሰው የሐዲስ ሊቃውንትን ሥራ አላየም። እነርሱ «ኢኽቲላጥ» የሚሉት ነገር አለ፤ ታማኝ የሐዲስ ዘጋቢ በእርጅናው አእምሮው ሲዛባ ማለት ነው። ዐጣእ ኢብን ሳኢብን፣ ሰዒድ ኢብን አቢ ዐሩባን የመሳሰሉ ታላላቅ ሰዎች ደርሶባቸዋል። ሊቃውንቱ ከመዛባቱ በፊት የተሰማውን ከኋላው ለዩ እንጂ ሰዎቹን በኃጢአት አልጠረጠሩም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የበስራው ጀሪር ኢብን ሓዚም ነገር ነው። ዐብዱረሕማን ኢብን መህዲ እንዳወሱት፣ ጀሪር አእምሯቸው መዛባት ሲጀምር ራሳቸው የሐዲስ ሰዎች የነበሩት ልጆቻቸው ይህን እንዳዩ አባታቸውን ከሰው ከለሏቸው፤ በዚያ ሁኔታ ሳሉ አንድም ሰው ከእርሳቸው ሐዲስ አልሰማም። የዛሬ ልጅ ደግሞ የአያቱን መቃዠት በስልኩ ቀርፆ ሰው እንዲስቅበት ይበትነዋል! ልብ በሉ፤ የጀሪር ልጆች አባታቸውን የሸፈኑት አፍረው ሳይሆን አማናቸውን ለመጠበቅ ነው። ልጆቹም አንድ አልነበሩም። የወላጅን ገመና ከአላፊ አግዳሚ መሸፈን ሌላ፣ ሸክሙን ከቅርብ ወዳጅ ደብቆ ብቻ መሸከም ሌላ ነው። እኛ አገር ግን ሁለቱ ተደባልቀዋል። «አባቱ አበደ እንዳይሉኝ» እያለ በሩን የሚዘጋው ብዙ ነው።

ታማሚውን በተመለከተ ዲናችን እጅግ አዛኝ ነው። ቁርኣን ሰው ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት የከፋ ዕድሜ ሊመለስ እንደሚችል በሱረቱ ነሕል (16፡70) እና በሱረቱል ሐጅ (22፡5) ይናገራል። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ይህን ዱዓ መምህር ለተማሪ ጽሕፈት እንደሚያስተምር ለልጆቻቸው ያስተምሩ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። አእምሮው ከተወሰደበት ሰው ላይ ብዕሩ ተነሥቷል፤ ሶላትም ፆምም አይጠየቅበትም። በአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሐዲስ የታመመ ባሪያ በጤናው ሲሠራው የነበረው ዓይነት ሥራ ይጻፍለታል። ሱረቱ ቲን ከዝቅተኞች ሁሉ በታች ስለመመለስ ካወሳ በኋላ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ለይቶ የማይቋረጥ ምንዳ ቃል ገብቶላቸዋል። ጠበሪና ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሙፈሲሮች መመለሱን በዚህ የእርጅና ዕድሜ ተርጉመውታል፤ ሌላ ትርጉም የሰጡም አሉ። እንግዲያስ ዐስርን ደጋግመው የሚሰግዱት እናት መዝገባቸው በመልካም እየተሞላ ነው። ፈተናው ያለው ውሃውን በሚያቀርበው ሰው ላይ ነው።

የሚናገሩትንም ሁሉ ቅዠት አናድርገው። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) የዩሱፍ ሽታ እየመጣላቸው እንደሆነ ሲናገሩ፣ ጃጀ ትሉኛላችሁ ብለው እንደሠጉ፣ በዙሪያቸው የነበሩትም ከአሮጌው ስሕተትህ አልወጣህም እንዳሏቸው በሱረቱ ዩሱፍ (12፡94-95) እናነባለን። እውነተኛው ሽማግሌው ነበሩ።

እኛ አራታችን ቀን ተከፋፍለናል። በየቀኑ ከዐስር እስከ ዒሻ አንዱ ሄዶ ከሌላው ወላጅ ጋር ይቀመጣል፤ ያ ልጅ ይተኛል፣ ገበያ ይወጣል፣ ወይም ዝም ብሎ መንገድ ላይ ይራመዳል። አባቴ ቁልፍ ሲፈልጉ አንዱ ጓደኛዬ «ሐጂ፣ ሱቁ ተዘግቷል» ይላቸውና እጃቸውን ይዞ ወደ መስጊድ ይወስዳቸዋል። ውሸት አይደለም፤ ሱቁ በእርግጥ ከተዘጋ ቆይቷል። ወላጆቹ በልጅነቱ የሞቱበት አራተኛው ጓደኛችን ከሁላችንም የበለጠ ተራ ይወስዳል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስለ ወላጅ ሐቅ በመስጊድ የምናወራው ወንዶች ነን፤ ልብስ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት የምትነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። የባሏን ወላጅ መጦር በሸሪዓ በእርሷ ላይ የተጣለ ግዴታ እንዳልሆነ ብዙ ዑለሞች ተናግረዋል። ሐቁ የልጁ ነው፤ የእርሷ ኢሕሳን ነው። ኢሕሳን የሚያደርግ ሰው ይመሰገናል፣ ይታገዛል፤ አይታዘዝም። ስለዚህ የወንዶቹ ተራ ብቻ አይበቃም። የእናትን ገላ ማጠብ ለሴቶች የሚሻል ስለሆነ እህቶችም በመካከላቸው ተራ ቢይዙ መልካም ነው፤ የእኛ ሚስቶች ጀምረውታል።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ሦስት ቀን አይለይም። የመስጊድ ኮሚቴዎችም የቀብሩን ሥርዓት ያውቁበታል። የምጠይቃቸው ሞት ሳይመጣ በፊት ከጀመዓ የጠፋ ሰው ቢኖር በሩን እንዲያንኳኩ ነው። ሲሄዱ ስኳርና ቡና ይዘው ቢሄዱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከሕመምተኛው ጋር ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ወሏሁ አዕለም።